ሜዳ ላይ ያለ ዳገት

ባለፈው ወር የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን በገዛ እጄ መለስኩ። ማንም አልቀማኝም። የዓይን ሐኪሙ ግራ ዓይኔን ሁለት ጊዜ አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ ገባኝና በማግስቱ ሄጄ አስረከብኩ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ ካርዱን ተቀብላ ጥጉን በመቀስ ቆረጠችው። ሥራዋ ነው፤ ለእሷ ያን ቀን ስንተኛው ሰው እንደሆንኩ እንጃ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ስትለኝ ነው መውጣት እንዳለብኝ ያስታወስኩት።

ልጄ ማርታ ወደ ቤት ስትመልሰኝ «ጻፈው፣ ዳዲ» አለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትናገር ከሁለት ቃል በላይ አታስኬድምና የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ልጆቿ አያታቸው ምን ሲሠራ እንደኖረ ይወቁ ማለቷ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። የምጽፈው በመንዳት ችሎታዬ ልመካ ብዬ አይደለም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን የሠራሁት ስህተት አለ፤ ከስህተቱ የባሰ ደግሞ በዚያው ቀን ከአፌ የወጣ ቃል አለ። እሱን እንደሆነው ላስቀምጥ ብዬ ነው።

አገር ቤት የነዳሁት ባለ ተሳቢ ነው። ከወደብ ማዳበሪያና ስንዴ ጭነን ወደ ደጋ እናወጣ ነበር። እዚያ የሹፌር ጠላት አንድ ነው፤ ዳገት። ክብደቱ ከኋላ ይጎትታል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ራዲያተሩ ይፈላል። መሪ ያስያዙኝ ሽማግሌ ሹፌር አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ ዳገት መሃል እግር አይነሳም። ካነሳህ ፍጥነቱ ይሞታል፤ አንዴ ከሞተ ደግሞ ሠላሳ ቶን ይዘህ ከዚያ ቦታ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ መኪናው ሲያቃስት ማርሽ ትቀንሳለህ፣ አጥብቀህ ትረግጣለህ፣ ትጠብቃለህ። ይህን ሕግ እግሬ ውስጥ አስገባሁት። ራሴ ቢረሳው እግሬ አይረሳውም። ስለ ነፋስ ግን ማንም አንስቶልኝ አያውቅም። በሃምሳና በስልሳ ለሚሄድ የእኛ አገር ከባድ መኪና ነፋስ ማለት ባርኔጣ የሚወስድ ነገር ነው።

ሜልበርን የመጣነው ማርታ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ኬንሲንግተን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን። ከባለቤቴ ጋር በዶሮ ፋብሪካ ሺፍት እየተቀያየርን ሠራን፤ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፣ ልጅቷን በር ላይ እንቀባበላለን። የከባድ መኪና ላይሰንስ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። መንዳቱ አይደለም የጣለኝ፤ ጥያቄውን ማንበቡ ነው። በሦስተኛው አለፍኩና በምዕራቡ ሰፈር አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ገባሁ። ደመወዙ ከዶሮው ይሻላል፣ የሚሞላው ወረቀት ግን በዝቷል። አለቃችን ፍራንክ ይባላል፤ ሲቆጣም ሲስቅም ድምፁ አንድ ነው።

የሰጡኝ ጭነት አሳቀኝ። አትክልት የሚታሸግበት ነጭ የፎም ሳጥን ነው፤ ያውም ባዶው። አሥሩን በአንድ እጅ ታነሳዋለህ። ጎኑ በሸራ የሚዘጋ ቁመተ ረጅም መኪና ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ ምንም አይመዝንም። በልቤ፣ ከማዳበሪያ ወደ ላባ ተዛወርኩ፣ ከእንግዲህ ሥራዬ መቀመጥ ነው አልኩ።

ፍሪዌይ ስወጣ ግን መኪናው ማቃሰት ጀመረ። እስከ ስልሳ ድረስ ይፈናጠራል። ከሰማንያ በኋላ ይከብዳል። መቶ ለመድረስ ያስለምናል። ናፍጣ ደግሞ ሲጠጣ አይጣል ነው። ፍራንክ ወረቀቱን እያወዛወዘ መጣ።

«ተፈራ! ናፍጣውን ቁርስህ አደረግኸው እንዴ?»

«ጭነቱ ቀላል ነው፣ ፍራንክ። እኔም አልገባኝም።»

«እንግዲያው የሚገባው ሰው አብሮህ ይውጣ» አለና ነባሩን ሹፌር ሬይን አዘዘልኝ።

ሬይ ያኔ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሲናገር እንኳ ከንፈሩ ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው ነበር። ስሜን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው «ቴፍ» ብሎ ቆረጠው። «እሱ እኮ እህል ነው» አልኩት። «ጥሩ እህል ነው?» «ከሁሉ ይበልጣል።» «እንግዲያው ይቆይ» አለና እስከ መጨረሻው ቴፍ ሆኜ ቀረሁ።

የመጀመሪያው ቀን ገና ሳንነሳ መኪናውን ቀስ ብሎ ዞረው። ተርፎ የተንጠለጠለውን የማሰሪያ ጫፍ ሁሉ እያጠፈ ወሸቀው። የላላውን ሸራ ጎትቶ ወጠረው።

«ይህ የሚርገበገበው ነገር ቀኑን ሙሉ ይጎትትሃል» አለኝ።

«ይቺ ጨርቅ?»

«ይቺ ጨርቅ።»

እሱ መሪ ይዞ መንገድ ከጀመርን በኋላ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ብቻ አይደለም። የመኪና መሸጫዎቹን ባንዲራ ያያል፤ ወደየት ይወዛወዛል፣ ምን ያህል ተወጥሯል። የባሕር ዛፉን ቅጠል ያያል፤ ጀርባው ከተገለበጠ ከንፈሩን ይነክሳል። አርባ ላይ ስንደርስ «እጅህን በመስኮት አውጣ፤ መዳፍህን ወደ ፊት» አለኝ። አወጣሁ። ነፋሱ እንደ ሕፃን እጅ ገፋ አደረገኝ። ሰማንያ ላይ ስንደርስ «አሁንም አውጣ» አለ። ክንዴን ወደ ኋላ ወሰደው።

«ስንት እጥፍ ሆነ?»

«ፍጥነታችን ሁለት እጥፍ ነው። እሱም ሁለት እጥፍ ነው የሚሆነው።»

«እጅህ እንደዚያ ይላል?»

«አይልም» አልኩት።

«አራት እጥፍ ነው። አሁን የዚህ መኪና ፊት ስንት መዳፍ እንደሚያክል አስብ።»

ከዚያ እስከ ዛሬ ያልረሳሁትን ነገረኝ። «ሞተርህ አሥር ሰው ነው እንበል። በአርባ ስትሄድ ነፋሱን ለመያዝ አንድ ሰው ይበቃል፤ ዘጠኙ ወደ ፊት ይገፉሃል። ለዚህ ነው የምትፈናጠረው። ሰማንያ ላይ አምስቱ ነፋስ ይዘዋል። መቶ ላይ ስምንቱ፤ የሚገፉህ ሁለት ብቻ ናቸው። ትንሽ ካለፍክ አሥሩም ነፋስ ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ብትረግጥ ባትረግጥ የሚገፋህ የለም።»

«ጭነቱስ? ባዶ ሳጥን እኮ ነው!»

«ክብደት ስትነሳና ሽቅብ ስትወጣ ነው የሚይዝህ። ነፋስ ሚዛን አያይም፤ ቁመትህንና ስፋትህን ነው የሚያየው። ፊት ለፊት የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ አንተ ሰማንያ ስትል እሱ መቶ ሃያ ብሎ ይቀበልሃል።»

«እንግዲያው ዳገት ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«ነፋሱ። ሜዳ ላይ ያለ ዳገት።»

ሬይ መንገዱን እያየ አሰበበትና «እንደዚያ ከገባህ እንደዚያ በለው» አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ሬይ ይቆጥር ነበር። ጭነት በተለወጠ ቁጥር ቀጥ ያለና ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ከሰማንያ መቶ እስክንደርስ ሴኮንዱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ቁጥሩን በቁራጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ከመሪው በላይ ይለጥፋል። ደርቦ ማለፍ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጭነቱ ሲራገፍ ፕላስተሩን ይልጠዋል።

«ትናንት ሃያ ስምንት ነበር፤ ያው መኪና ነው። ዛሬ ለምን ትቆጥራለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የትናንቱን የቆጠርነው ለትናንቱ ጭነት ነው።»

አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ደርቦ አያልፍም። ቁጥሩን ያያል፣ ከፊት የሚመጣውን ያያል፣ ከዚያ ሳንድዊቹን ይፈታል። በአራት የተቆረጠ የአይብ ሳንድዊች ነው፤ አንዷን ለእኔ ይሰጠኛል። ከፊታችን ያለው መኪና እስኪታጠፍ ድረስ እየበላን እንከተለዋለን። ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ሬይ ጡረታ ወጥቶ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር አንዲት ትንሽ ቤት ገባ፤ እኔም ለብቻዬ ብዙ ዓመት ያለ ጭረት ነዳሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ቫን የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ ሹፌሩን ጨምራ አሥራ ሦስት ሰው ትይዛለች። የዚያ ዓመት የበጋ ጉባኤ ከከተማው ሦስት ሰዓት ርቆ በሚገኝ ካምፕ ነበር። ልንነሳ ስንል እትዬ ብርሃኔ ፍራሽ አስይዘው መጡ። እትዬ ብርሃኔ የምግብ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ እንኳን እኔን ፓስተሩንም ያዝዛሉ።

«ይህችን ከላይ ጣል ያድርጉልኝ፣ ጋሼ ተፈራ።»

«ኧረ እትዬ፣ ካምፑ አልጋ አለው ተብለን የለም?»

«የካምፕ አልጋ ለወገቤ አይሆንም። ያን ሁሉ ዘመን ተሳቢ ነዳሁ ሲሉን ኖረው ፍራሽ ከበደዎት?»

ቫኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከፍራሹ በኋላ ድንኳኑ መጣ፣ ከድንኳኑ በኋላ የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ፣ ከዚያ ሁለት ትልልቅ ድስት። የእኛ ሰው ሲጭን ወደ ላይ ነው የሚጭነው። ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ጣሪያው ባዶ ሆኖ ከሄደ እንደ ብክነት ነው የምናየው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። አሳምሬ አሰርኩት፣ ሸራ አለበስኩት። ክምሩ የቫኗን ግማሽ ቁመት አከለ። ግን አልቆጠርኩም። ቫኗን ከአንድ ወር በፊት ባዶዋን ቆጥሬያት ነበር፤ ዘጠኝ። ፕላስተሩ ከመሪው በላይ እንደተለጠፈ ነበር። አልላጥኩትም።

ቀኑ ከሰሜን የሚመጣው የጋለ ነፋስ የሚነፍስበት ነበር። ሜልበርን የኖረ ያውቀዋል፤ በር ስትከፍት የምድጃ አፍ የከፈትክ ነው የሚመስልህ። እኛም ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው። ፍሪዌዩ አልቆ መንገዱ ወደ አንድ ሂያጅና አንድ መጪ ሲጠብ፣ የከብት ድርቆሽ የጫነ ትልቅ መኪና ከፊታችን ገባ። በሰማንያ አምስት ይሄዳል። ከኋላው ስከተለው ቫኗ ቀለለችኝ፤ ነካ ሳደርጋት ትነሳለች። ዛሬ ጉልበት አላት አልኩ። ጉልበቱ የእሷ አልነበረም። ነፋሱን የሚሰብርልን የድርቆሹ መኪና ነበር፤ እኛ ከጀርባው ተከልለን ነው የምንሄደው። ይህን ሬይ ነግሮኛል። ማወቅስ አውቅ ነበር።

የመሃሉ መስመር የተቆራረጠ ሆነ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይታያል። በሩቅ አንድ መኪና ይመጣል፤ ገና ነጥብ ነው። ፕላስተሩን አየሁ፤ ዘጠኝ። ይበቃል አልኩ። ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ቀኝ ወጣሁ፤ እዚህ አገር የሚነዳው በግራ ነው።

ነፋሱ እንደ ግድግዳ ተቀበለን። መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ሸራው ከላይ መጮኽ ጀመረ። ቫኗ እስከ ዘጠና ሁለት ደረሰችና እዚያው ቀረች። እግሬ ወለሉን ነክቷል፣ ሞተሩ ያለቅሳል፣ የፍጥነቱ መርፌ አይነቃነቅም። አሥሩም ሰዎች ነፋስ ላይ ናቸው።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። እግሬን አንስቼ፣ ፍሬን ይዤ፣ ወደ ነበርኩበት መመለስ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ ጊዜም ነበረኝ። እግሬ ግን አልነሳ አለ። መኪና ሲያቃስት አጥብቀህ ርገጥ ተብሎ ያደገ እግር ነው። ዳገት ላይ ያለሁ መሰለው። አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች እያልኩ ከድርቆሹ መኪና ጎን ለጎን ስሄድ፣ ያ ነጥብ መኪና ሆነ፣ መኪናው ፊታችን ላይ ሆነ። እትዬ ብርሃኔ «ኢየሱስ!» ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። የድርቆሹ ሹፌር ፍሬን ያዘልኝ፤ ገባሁ። ከፊት የመጣው ሰው ደግሞ ወደ መንገዱ ዳር ጠጠር ወረደ፤ አሮጌ ፒካፑ ተሽከረከረና ከባሕር ዛፍ ጋር ተላተመ።

ሮጥኩ። ሰውዬው በሕይወት አለ። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው፤ ግንባሩ ተፈንክቷል፣ እግሩ ከመሪው ሥር ተይዟል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን እኔን አያየኝም። አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው።

ከዚያ አንዲት ፖሊስ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ምን ሆነ?»

«ለማለፍ ስወጣ መንገዱ ክፍት ነበር» አልኩ። ይሄ እውነት ነው።

«ከዚያስ?»

ከኋላዬ የቆሙት ወንድሞችና እህቶች «ኧረ እንደ ጥይት ነው የመጣው!» ይላሉ። እነሱ አልዋሹም፤ ተቀምጠው ያዩት መኪና ሲያድግባቸው ነው። እኔ ግን መሪ ይዤ ነበር። መርፌውን አይቻለሁ።

«ፈጥኖ መጣ» አልኩ።

ሁለት ቃል። ጻፈችው። የድርቆሹ ሹፌር ሲጠየቅ «እኔ በመስታወቴ ቫኑን ነበር የማየው፤ የሰውዬውን ፍጥነት አላውቅም» አለ።

እሑድ አምልኮው በሙሉ ምስጋና ሆነ። እትዬ ብርሃኔ መድረክ ላይ ወጡ። «ጠላት ያን መኪና እንደ ቀስት ወረወረብን! ጌታ ግን በጋሼ ተፈራ እጅ ላይ እጁን ጫነ!» ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። ወደ እኔ ዞሩና «ይምጡ እንጂ! አንቱ ካልመሰከሩ ማን ይመስክር?» አሉኝ። ወጣሁ፣ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። «ጌታ ይመስገን» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ትሕትና መሰላቸው።

ሲያበቃ ፓስተር ዮናስ ወደ ጎን ወሰደኝ። ፓስተራችን በሥራ ቀን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ደግ ወጣት ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ ሰውዬውን ጠይቆታል።

«ኮሊን ይባላል፣ ጋሼ። እግሩን ሠርተውለታል። ግን ከቤቱ ከወጣ በኋላ የሆነውን ምንም አያስታውስም።»

«ምንም?»

«ምንም። ሥራው የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። ፖሊስ እስኪጨርስ ከሥራ አስቁመውታል። ፈጥኖ ነበር ከተባለ ከእንግዲህ ልጆች አይጭንም። ሚስቱ እንደነገረችኝ ሌት ተቀን የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ 'ቫን ሙሉ ሰው ልጨርስ ነበር' ይላል።» ፓስተሩ ተነፈሰ። «እንጸልይለት እስቲ።»

ጸለየ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ ብሬብሩክ ሄድኩ። ሬይ ደጁ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«ቆጥረህ ነበር?» አለ ስጨርስ።

«ቆጥሬ ነበር። ዘጠኝ።»

«ከፍራሹ ጋር?»

ደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አጽናናኝ ብዬ አልነበረም የሄድኩት፤ ግን ትንሽ ቢያጽናናኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ባዶውን ነው የቆጠርከው» አለ በመጨረሻ። «የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ጥራኝ።»

ያንኑ ፍራሽ፣ ያንኑ ድንኳን፣ ያንኑ ድስት መልሼ ለብቻዬ ጫንኩ። ነፋሱ የተነሳ ቀን ሬይ ቆቡን አጥልቆ ገባ። ሰው የማይሄድበት ቀጥ ያለ መንገድ አገኘን። ሰማንያ ላይ ስደርስ ረገጥኩ፤ እሱም እንደ ድሮው ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ ሲል ሰማንያ ስድስት ላይ ነኝ። ሃያ ሲል ዘጠና አንድ። ሠላሳ ሲል መርፌው ከዘጠና ሦስት አላለፈም።

«ልቀጥል?» አለኝ።

«ይበቃል።»

ሬይ እጁን ዘርግቶ ዘጠኝ የሚለውን ፕላስተር ላጠው። አዲስ አልጻፈም።

እዚያው መንገድ ዳር አቁሜ ነገሩን በራሴ አሰላሁት። ሰውዬው እንደ ጥይት መጥቶ ቢሆን አሥር ሳይቆጠር ይደርስብን ነበር። ቫኗ ግን ያን ቀን ዘጠና ሁለት ደርሳለች፤ ስለዚህ እኔ ከሃያ በላይ እዚያው ቀኝ መስመር ላይ ነበርኩ። እሱ በሥርዓቱ ነው የመጣው። ማለፍ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ፖሊስ ጣቢያ የወሰደችኝ ማርታ ናት፤ ልታስተረጉምልኝ። መኪናውን አቁማ አልወርድም አለች።

«ማንም አልጠየቀህም እኮ» አለች በእንግሊዝኛዋ። «ላይሰንስህን ይወስዱታል። ያለ እሱ ምን ትሠራለህ?»

«ይውሰዱት።»

«ለፖሊስ ዋሸሁ ልትል ነው፣ ዳዲ!»

«አዎ፣ እሱን ነው የምለው። አንቺም እንዳታለሳልሺው።»

ገባን። ማርታ እያለቀሰች አስተረጎመች። አንድ ቦታ ላይ «ደንግጦ ነበር» ብላ ስትጨምር ሰማኋት፤ ያን ያህል እንግሊዝኛስ አለኝ። «አይደለም» አልኩ ለፖሊሷ በራሴ አፍ። «አውቄ ነው።»

ኮርት ቀረብኩ፤ ላይሰንሴ ለአንድ ዓመት ተወሰደ። ፍራንክ «ዝም ብትል ምን ነበረበት!» ብሎ ጮኸ፤ ያኔ ግን አላባረረኝም፤ ግቢ ውስጥ ጭነት እንዳስር አስቀረኝ። ሲመለስልኝ እስከ ባለፈው ወር ነዳሁ። ሬይ ግን ላይሰንሴ ሲመለስልኝ ሳያይ አረፈ። ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥቼ ያላልኩትን አልኩ። ሃሌ ሉያ ያለ አልነበረም። እትዬ ብርሃኔ ሁለት ወር ዘጉኝ። አንድ እሑድ ድንገት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ፍራሹ እኮ የእኔ ነበር» አሉኝ።

«መሪው የእኔ ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላነሳነውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኮርቱ ያበቃ ቀን ነው። ከማርታ ጋር ኮሪደሩ ላይ ሊፍት ስንጠብቅ፣ አንድ ሰው በክራንች እየተደገፈ ከሚስቱ ጋር ወደ እኛ መጣ። ኮሊን ነው። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መብቱ ነው።

«እዚያ የነበርከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ንጹሕ ነህ የሚል ወረቀት ደርሶኛል። አውቶቡሴንም መልሰውልኛል» አለ። «ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን እዚያ አልነበረም። አንተ ንገረኝ። ፈጥኜ ነበር?»

ማርታ ልታስተረጉም አፏን ስትከፍት በእጄ አቆምኳት። ባለችኝ እንግሊዝኛ ቀስ ብዬ ነገርኩት።

«አልፈጠንክም። በሥርዓትህ ነው የመጣኸው። እኔ ማለፍ አቃተኝ። አንተ ወደ ጠጠሩ ወረድክ፤ መንገዱን ለእኛ ለቀቅህልን። ባትወርድ ኖሮ ማናችንም የለንም።»

«እኔ ነኝ የወረድኩት?»

«አንተ ነህ። በገዛ መሪህ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ አፏን በእጇ ይዛለች። ኮሊን ግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ክራንቹ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ማንም አላነሳውም። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«ቫኑ ውስጥ ልጆች ነበሩ?»

«ሁለት።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«ናሆምና ኤልዳና።»

የመጀመሪያውን ቶሎ ያዘው። ሁለተኛው አስቸገረው። ደግሜ ነገርኩት፤ አፌን እያየ ሞከረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ሞከረ። ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ፤ ማንም አልገባም። ተመልሶ ተዘጋ።

«ኤልዳና» አለ።

«አዎ» አልኩት። «እንደዚያ ነው።»